የዘኪያ ሚዛን ያቃጠለው ሰው

ደሞዝ ቀናተኛ ነው። ሰው ለማማት ብዬ አይደለም የምነግራችሁ፤ ራሱም ቢጠየቅ አይክድም፣ ቢክድ ደግሞ ሚስቱ አልጣሽ አለች። ቀናተኛ ስላችሁ በሚስቱ እንዳይመስላችሁ። በእሷስ ቀንቶ አያውቅም፤ እንዲያውም «አንድ ቀን እንኳ ቢቀናብኝ ምን ነበረበት» እያለች ታሾፍበታለች። ደሞዝ የሚቀናው በሙያው ነው። ሰቆጣ ውስጥ ሌላ ሰው መፍቻ አንስቶ ካየ ያን ቀን ምሳው አይበላለትም።

ሙያው ሚዛን ነው። ሬዲዮም ይጠግናል፣ የሶላር ባትሪም ያያል፣ የተሰበረ ስልክም አይመልስም፤ ስሙ የተተከለው ግን በሚዛን ነው። ከገበያው በላይ ባለው አቀበት ላይ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ሱቅ አለችው። ከአበርገሌ ማሽላ ጭኖ የመጣ ነጋዴ፣ ከደሃና ገብስ ይዞ የወረደ ገበሬ፣ ደንበኛው «ሚዛንህ ይሰርቃል» ያለው ባለ ሱቅ፣ ሁሉም እሱ ዘንድ ይመጣል። ደሞዝ ሚዛኑን ይሰቅልና አውራ ጣቱን ክንዱ ላይ ያሳርፋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትንሽ ይቆያል። ከዚያ «ግራው ታሟል» ይላል። ሲፈታው እውነትም ግራው ታሞ ይገኛል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረ። «የሚዛን ሐኪም» ይሉታል፤ እሱም ያልሰማ መስሎ አንድም ሳያመልጠው ይሰማል።

ይህ ሁሉ ግን ለደሞዝ ምኑም አይደለም። ለእሱ የዓመቱ ቀን አንዲት ናት። የንብ አናቢዎቹ ማኅበር ማር መረከብ ከመጀመሩ በፊት፣ በመስከረም መጨረሻ፣ ሚዛን ግቢው መሀል ወጥቶ በአናቢው ሁሉ ፊት ይፈተናል። ሰው ከየቤቱ የሚያምነውን የኪሎ ብረት ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ከአባቱ የወረሰውን፣ አንዱ ከወፍጮ ቤት የተዋሰውን። ሚዛኑ ሁሉንም ልክ አድርጎ ከመዘነ፣ የሚዛኑ ጠባቂ ወቅቱን ሙሉ ከአጠገቡ ወንበር ተሰጥቶት ይቀመጣል። ማር ያመጣ ሁሉ በፊቱ ያልፋል። ሰው ቢጨቃጨቅ «ደሞዝን ጠይቅ» ይባላል፤ ደሞዝ አንዴ ከተናገረ ጭቅጭቅ የለም። አሥራ አንድ ዓመት በዚያ ወንበር የተቀመጠው እሱ ነው። ያንን ወንበር ከሚያጣ አንድ ዓይኑን ቢያጣ ይመርጣል፤ ይህን ለአልጣሽ በአፉ ነግሯታል።

ዘኪያ የመጣችበት በዚህ ነው።

ዘኪያ የዓብዱረሕማን ልጅ ናት። ዓብዱረሕማንን ሰቆጣ ውስጥ የማያውቀው የለም፤ ከአፋር በኩል የሚመጣውን አሞሌ ጨው ይነግዳል፣ በወቅቱ ደግሞ ማር ይገዛል። ልጁ ኮምቦልቻ ወርዳ ኤሌክትሮኒክስ ተማረች። ሰው ሁሉ «እንግዲህ እዚያው ቀረች» ሲል ተመልሳ መጣችና ከአባቷ የጨው መጋዘን ጥግ ላይ አንዲት ጠረጴዛ ዘረጋች። እድሜዋ ሃያ ስድስት ቢሆን ነው። ቁጥብ ናት፤ ስትናገር ድምፅዋን አታነሳም። ይኸው ነው፤ ሌላ ያደረገችው ክፉ ነገር የለም።

ደሞዝ ወሬውን የሰማው ሬዲዮ ሊያሠራ ከመጣ ደንበኛ ነው።

«የዓብዱረሕማን ልጅ ሚዛን ሠራች አሉ» አለው ሰውዬው።

«ከምን?»

«እንጃ፣ ከጣውላ።»

ደሞዝ ከት ብሎ ሳቀ። ሰውዬው ከሄደ በኋላ ግን ሬዲዮውን እንደተከፈተ ትቶ፣ ሱቁን ቆልፎ ቁልቁል ወረደ። ለምን ቢሉት ጨው ሊገዛ። ቤቱ ውስጥ ሁለት ሙሉ አሞሌ እንዳለ ረስቶት አይደለም።

ዘኪያ ገና ስታየው ብድግ አለች። «ጋሼ ደሞዝ! እንኳን መጡልኝ፤ እኔ ራሴ ልመጣ ነበር» አለችና ወንበር አቀረበችለት። አልተቀመጠም። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጣውላዎች አንዱ ባንዱ ላይ ተደርበዋል፤ በመሀላቸው ጣት የምታህል የአልሙኒየም ዘንግ ገብታለች፤ ከዘንጓ ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭና አረንጓዴ ሽቦ ወጥቶ ወደ አንዲት ትንሽ ቦርድ ይሄዳል።

«ሎድ ሴል ይሏታል» አለች ዘንጓን እየጠቆመች። «ክብደት ሲያርፍባት በዓይን የማይታይ ትንሽ ትጎብጣለች። ሆዷ ላይ የተለጠፈው ስስ ሽቦ መጉበጧን ይሰማል። በቀዩና በጥቁሩ ኤሌክትሪክ እንሰጣታለን፣ በነጩና በአረንጓዴው መልሱን ትሰጠናለች። መልሷ ሹክሹክታ ነው፤ ይቺ ቦርድ ታጎላውና ቁጥር ሆኖ ይወጣል። የቁልፍዎን ዘለላ ያስቀምጡበት እስቲ።»

አስቀመጠ። ሰማንያ ስድስት ግራም አለ። ደሞዝ አንዷን ቁልፍ ፈትቶ አወጣ። ሰባ አራት አለ። ከኪሱ አንዲት ሚጢጢ ቡሎን አውጥቶ ጣለባት፤ ሰባ ሰባት።  የእሱ ትልቁ ሚዛን ቡሎን ቀርቶ አንድ እፍኝ ማሽላ ቢጥሉበት ንቅንቅ አይልም።

«ጥሩ ነው» አለ። «ለሕፃን መጫወቻ ጥሩ ነው።»

ዘኪያ ቀልድ መሰላትና ሳቀች። ሳቋ ነው የባሰ ያንገበገበው። «ትልቅ አድርጌ የማር ጄሪካን የሚችል እየሠራሁ ነው» አለች፤ «ለማኅበሩ ፈተና ላቀርበው አስቤያለሁ። አያ ገብረ ሊባኖስም እሺ ብለውኛል።»

አያ ገብረ ሊባኖስ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ናቸው፤ የደሃና ሰው፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ። ደሞዝ ስማቸውን ሲሰማ አንድ አሞሌ ጨው ገዝቶ ወጣ። እኔን ሳያማክሩ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ደሞዝ፣ ደሞዝ» ሲሉ ከርመው፣ ለትናንት ልጅ እሺ! ጨዉን ብብቱ ሥር ከትቶ አቀበቱን ሲወጣ ሰላምታ የሰጠውን ሰው እንኳ አላየም።

አልጣሽ ጨዉን ስታይ ገረማት። «ሞልቶ የለም እንዴ? ደግሞ ዓይንህ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የቀላ?»

«ትቢያ ነው።»

«ማን ምን አደረገህ?»

«ማንም ምንም አላደረገኝ!»

«እንግዲያው በጣም ተጎድተሃል» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሃያ ዓመት አብራው ኖራለች፤ ቅናቱን እንደ እግሩ ኮቴ ከሩቅ ታውቀዋለች።

ከዚያች ቀን ወዲህ ደሞዝ እንቅልፍ አጣ፣ ሥራ አጣ፣ ዐመል አጣ። ሬዲዮ ይዞ የመጣውን ያመናጭቃል። ቁልቁል ወደ መጋዘኑ ሰው ሲወርድ ካየ አንገቱን በበሩ አስግጎ የያዘውን ዕቃ ያያል። አንድ ቀን የእሱ የቆየ ደንበኛ፣ የስንት ዓመት ደንበኛ፣ ሚዛኑን በፌስታል ሸፍኖ በሱቁ በር ሲያልፍ ያዘው። «ወዴት ነው?» ቢለው ሰውዬው መሬት መሬት እያየ «ወደ ታች» አለ። አይ ደሞዝ! ያን ቀን ቢወጉት ደም አይወጣውም ነበር።

መጨረሻ ላይ ምን አደረገ መሰላችሁ? ለአውቶቡስ ሾፌር በሚስጥር ነግሮ ከደሴ አንዲት ሎድ ሴል ከነቦርዷ አስመጣ። እኔ ከማን አንሳለሁ አለ። ሽቦዎቹን በቀለማቸው አገናኘ፤ ሽቦስ ያውቃል፣ እጁም የተባረከ ነው። ዘንጓን ደግሞ እንዳትነቃነቅ ብሎ ከዳር እስከ ዳር ጣውላው ላይ አስተኝቶ በቡሎን ጠፍሮ አሰራት። ሚዛን መነቃነቅ የለበትም፤ ሃያ ሁለት ዓመት የሚያውቀው ይህንን ነው። አብርቶ አምስት ኪሎ ብረት ጫነባት። ዜሮ። አሥር ጫነ። ዜሮ። በጡጫ መታት። ሁለት ብላ ወደ ዜሮ ተመለሰች። ሽቦውን ፈትቶ ቀጠለ፣ ባትሪ ለወጠ፣ ቻይናን ረገመ፣ ሾፌሩን ረገመ። ሰው ሲገባ በጨርቅ ይሸፍናታል፤ ሰው ሲወጣ ገልጦ ያፈጥባታል። እሷም ዜሮዋን ይዛ ታፈጥበታለች።

ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ረፋድ ላይ ዘኪያ ራሷ አቀበቱን ወጥታ መጣች። የሠራችውን ሚዛን በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋዋለች።

«ጋሼ ደሞዝ፣ ቸግሮኝ ነው» አለች። «ጠዋት ጠዋት ምንም ሳልጭንበት ቁጥሩ ዝም ብሎ ይወጣል። አራት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት እያለ ይሄዳል። ፀሐይ ሞቅ ሲል ይረጋል። ሽቦዎቹን በቴስተር ለካሁ፣ ደህና ናቸው። ባትሪም ቀየርኩ። ኢንተርኔቱ እንደሚያውቁት ነው፣ አንድ ገጽ ለመክፈት ግማሽ ቀን። ከእርስዎ በቀር የምጠይቀው ሰው የለኝም።»

ደሞዝ የሰማውን ማመን አቃተው። ታመመባት! እሰይ! ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይወጣበት ጎንበስ አለ፤ ጎንበስ ሲል ክርኑ ጨርቁን ሳበውና የራሱ ጣውላ ከነዘንጓ ተገለጠ።

ዘኪያ አየችው። ሌላ ሰው ቢሆን «እርስዎም!» ብሎ ይስቅ ነበር። እሷ አልሳቀችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልክ የተለመደ ነገር እንደምታወራ ሁሉ «ዘንጓ ሙሉ በሙሉ ተኝታለች፣ ጋሼ» አለች። «ካልጎበጠች አትናገርም። በአንድ ጫፏ ብቻ ከሥሯ ሁለት ሁለት የሮንደላ ቀለበት አስገብተው ቢያስሯት፣ ሌላው ጫፏ አየር ላይ ይቀራል። ክብደቱን እዚያ ጫፍ ላይ ይጫኑባት።»

ይቺ ልጅ በገዛ ሱቁ፣ በገዛ ወንበሩ አጠገብ ቆማ አስተማረችው! ጆሮው ድረስ ጋለ። እውነት መሆኑን ወዲያው አውቆታል፤ እውነት መሆኑ ነው የገደለው። ምንኛ ቀላል ነገር ነው! ሦስት ሳምንት ሲያፈጥባት ከርሞ ያላየውን እሷ በአንድ ዓይን አየችው።

በዚያች ቅጽበት ነው ክፋቱ የመጣለት። ዘንጓ ካልጎበጠች አትናገርም፣ አለች አይደል? እንግዲያው እንዳትጎብጥ የሚያደርግ ነገር ልንገራት።

«ሰም» አለ።

«ሰም?»

«የማር ሰም። አቅልጠሽ ሽቦዎቹ የተያያዙበትን፣ ቦርዷን፣ የዘንጓን ሆድና ጀርባ፣ ሁሉንም ድፈኚው። ወፈር አድርጊው። ይረጋልሻል።»

ይህን ሲናገር እጁ ሬዲዮ ይነካካ ነበር፤ የእሷን ሚዛን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። ትኩስ ሰም ኤሌክትሪክ ላይ ማፍሰስ እብደት እንደሆነ ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ የተለጠፈውን ስስ ሽቦ ይልጠዋል፣ ባይልጠውም ሲደርቅ ዘንጓን ጠርንፎ ይይዛታል። እንዲህ ነው ያሰበው። ዘኪያ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» ብላ ሚዛኗን አቅፋ ወረደች።

ከሄደች በኋላ ሁለት ሁለት ሮንደላ ፈልጎ አስገባ። አምስት ኪሎውን ጫነ። ቁጥሩ ዘለለና ቆመ። ብረቱን ሲያነሳ ወረደ። ደሞዝ ጣውላዋን መልሶ ሸፈናትና ተቀመጠ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ አላለውም። እሷ የሰጠችው ምክር ይኸው ይሠራል። እሱ የሰጣት ደግሞ ይህኔ እየፈላ ነው።

ለመመለስ አልሞከረም አልልም። በማግስቱ እስከ ገበያው ጥግ ወርዶ ነበር። «ተይው፣ ሰሙ ይቅር» ቢላት ሁለት ቃል ነው። መጋዘኑ በር ላይ ግን ሦስት ሰዎች ሚዛን ይዘው ተራ ሲጠብቁ አየ፤ አንደኛው በፌስታል የሸፈነው የቀድሞ ደንበኛው ነው። ዞሮ ተመለሰ። በሌላ ቀን ደግሞ እስከ በሩ ደረሰ። ዓብዱረሕማን ከውስጥ «ልጄ የሠራችውን አይተሃል?» ብሎ አፉን ሞልቶ ሲናገር ሰማና ከበሩ ተመለሰ። እንግዲህ የራሷ ጉዳይ ነው አለ። የራሷ ጉዳይ እንዳልሆነ ግን አንጀቱ ያውቃል፤ ሁለቱን ሳምንት ሙሉ ምግብ የሚባል ነገር አልወረደለትም።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ጠዋት ነው፤ ግቢው ገና ከሌሊቱ ጤዛ አልደረቀም። አናቢዎቹ ከደሃናና ከሰቆጣ ዙሪያ መጥተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፣ እርስ በርሳቸው በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና ያወራሉ። የደሞዝ ትልቁ ሚዛን ዘይት ተቀብቶ፣ ተወልውሎ በግራ ቆሟል። የዘኪያ ጣውላ በቀኝ ተቀምጧል። ደሞዝ ዓይኑ ጣውላዋ ላይ ነው። በጣውላዎቹ መሀል ያቺ ዘንግ ቢጫ ሆና ትታያለች። ቀብታዋለች። እንዳላት ቀብታዋለች! የያዘው ሐዘን ይሁን ደስታ ራሱም አላወቀውም።

አያ ገብረ ሊባኖስ ፈተናውን ጀመሩ። አምስት ኪሎ፣ አሥር ኪሎ፣ ሃያ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ከዚያ አንድ ኪሎ ብረት፣ ከዚያ ግማሽ ኪሎ። የደሞዝ ሚዛን ግማሽ ኪሎዋን ጭነውበት ክንዱ ትንሽ ነቅነቅ ብሎ ቆመ፤ መታ መታ ሲያደርጉት ነው የወረደ። የዘኪያው አምስት መቶ አለ። ሰዎቹ አጉረመረሙ።

«ይቆይ» አሉ አያ ገብረ ሊባኖስ። «ይቺ አዲሲቱ ጠዋት ጠዋት ትቀበጣለች ሲሉ ሰምቻለሁ። ማር ሞልተን እንተዋት።»

ከነዕቃው ሃያ ኪሎ የሚመዝን የማር ጄሪካን ጫኑባት። ደሞዝ አንድ እርምጃ ቀረበ። አሁን ትጀምራለች። አሁን። ሃያ ብላ ቆመች። ሩብ ሰዓት ሆነ፤ ሃያ ናት። ግማሽ ሰዓት ሆነ፤ አንዱ አናቢ ቀርቦ እየተንጠራራ አያት፣ ሃያ ናት። ጄሪካኑን አነሱት። ዜሮ አለች። መልሰው ጫኑት። ሃያ። ሰሙ ዘንጓን አልጠረነፋትም፣ ሽቦዋንም አልላጣትም። እንዲያውም ይባስ ብሎ ጸጥ አደረጋት።

«አንቺ ልጅ» አሉ አያ ገብረ ሊባኖስ፣ «ይህን በሽታዋን ማን አዳነልሽ?»

«ጋሼ ደሞዝ ናቸዋ» አለች ዘኪያ።

ግቢው ሁሉ ዞሮ አየው።

«ያለሁበት የጨው መጋዘን ነው» ብላ ቀጠለች። «የጨው ትቢያ ሽቦዎቹ መጋጠሚያ ላይ ያርፋል፤ የጠዋት እርጥበት ሲያገኘው ይረጥብና ኤሌክትሪኩ በማይሄድበት ይሄዳል። ቁጥሩ የሚወጣው ለዚህ ነበር። ጋሼ ደሞዝ ሰም ቀቢው አሉኝ። በአልኮል አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ ቀባሁት። ይኸው፣ እርጥበት አይገባም።»

«ሰም!» አሉ አያ ገብረ ሊባኖስ እጃቸውን አጨብጭበው። «የገዛ ንባችን ሰም! ሰማችሁ ወይ?» በኽምጣና መልሰው ነገሯቸው፤ አናቢዎቹ ደሞዝን ከበቡት፣ ትከሻውን ሳሙት፣ አንዷ ሴትዮ እልል አለች። እዚያው ተወሰነ፤ አዲሱን ሚዛን ዘኪያ ትሠራለች፣ ደሞዝ ይጠብቃል፤ ወንበሩም የእሱ ነው። ሁሉን አግኝቶ ተመለሰ። ደሞዝ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ቅጣት አልደረሰበትም።

አልጣሽ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ደርሷት በር ላይ ጠበቀችው። «አንተ ሰውዬ፣ እኔ ደግሞ በልጅቱ የቀናህ መስሎኝ ስጠረጥርህ ከረምኩ! ለካ እያስተማርካት ነው!» ብላ አቀፈችው። አቅፋ ስትይዘው ሰውነቱ እንደ ግንድ ደርቋል። ምሳ አቀረበች፣ አልበላም። «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ነገ እነግርሻለሁ» አለ።

በማግስቱ ጠዋት መጋዘኑ ሄደ። ዘኪያ ጠረጴዛዋ ላይ ሁለተኛ ሚዛን ፈትታ ትሠራለች። ደሞዝ በሩን አልፎ ቆመ። 

«ያን ሰም ያልኩሽ እንዲድንልሽ አይደለም» አለ። «እንዲበላሽብሽ ነው። ቀንቼብሽ ነው። ይህን ልነግርሽ ነው የመጣሁት።»

ዘኪያ ቀና አላለችም። የያዘችውን ቡሎን አጥብቃ ጨረሰች።

«አውቃለሁ» አለች።

«ታውቂያለሽ?»

«ያን ቀን ሚዛኔን አላዩትም። እርስዎ የማንም ሬዲዮ ቢመጣ ጆሮዎን ለጥፈው ነው የሚያዩት። የእኔን ሳያዩት መድኃኒት አዘዙ። ስለዚህ መጀመሪያ በትርፏ ዘንግ ሞከርኩት፤ ሰም የሚከለክለው እርጥበት ነውና ጨዉን የጠረጠርኩትም ያኔ ነው። አጥቤ፣ ስስ አድርጌ ቀብቼ ሦስት ቀን አሞሌው ላይ አሳደርኳት። ጠዋት ባየኋት ቁጥር ቁጥሯ ቆሟል።»

«ታዲያ ለምን በሰው ፊት አመሰገንሽኝ?»

አሁን ቀና አለች። «ጋሼ ደሞዝ፣ የጨውና የማር ነጋዴ ልጅ የማር ሚዛን ሠራች ቢባል የትኛው ገበሬ ያምናል? እርስዎ ቢሆኑ ያምናሉ? ‹ደሞዝ አይቶታል› ሲባል ግን አለቀ። ስምዎን ፈልጌው ነው።»

 ደሞዝ ይህንን ስም ከእሷ ሊያስጥል ነበር ከወር በላይ የተቃጠለው። እሷ ደግሞ ከእሱ የበለጠ ዋጋውን ታውቀው ኖሯል።

«አልተቆጣሽኝም?»

«ተቆጥቻለሁ እንጂ! ለአባቴ ብነግረው በዚህ በር ዳግመኛ አያልፉም ነበር። አልነገርኩትም፤ አልነግረውምም። አንድ ነገር ግን ይስጡኝ። ከዛሬ ወዲያ ስጠይቅዎት፣ ካላወቁት አላውቅም ይበሉኝ።»

ይህን ብላ ሁለተኛውን ሚዛን ወደ እሱ ገፋችው። ምንም አልተጫነበትም፤ ቁጥሩ ግን ዜሮ፣ ሰባት መቶ፣ ዜሮ፣ ሦስት መቶ እያለ ይዘላል። «ይኸው። የጨው አይደለም፣ አጥቤዋለሁ። ለምንድነው?»

ቅናቱ የት ሄደ ትሉኝ ይሆናል። የትም አልሄደም፤ እዚያው ደረቱ ላይ ተቀምጦ፣ ይህችን እንኳ ቅደማት ይለዋል። «ሽቦው ላልቷል» የሚል መልስ አፉ ላይ ደርሷል፤ «ቦርዱ ሐሰተኛ ነው» የሚልም ከኋላው ተሰልፏል። ደሞዝ ሁለቱንም ዋጣቸው። ጎንበስ ብሎ በመጀመሪያ ጊዜ ሚዛኗን አየው፤ ዘንጓን፣ ቦርዷን፣ አራቱን ሽቦዎች አንድ በአንድ። ረጅም ጊዜ አየ።

«አላውቅም» አለ። 

«እኔም አላውቅም» አለች ዘኪያ። «ቴስተሩን ይያዙልኝና ከቀዩ ሽቦ እንጀምር።»